ተርብ የሚያባርር ጭራ ስንት ያወጣል? የአስማት ዕቃ ነድፎ ዋጋ ስለማውጣት

ሥራዬ ዋጋ መተመን ነው። ጨረታ ሲመጣ የአንድ ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ነጠላ ዋጋ የምሠራው እኔ ነኝ። ሲሚንቶ ይህን ያህል፣ አሸዋ ይህን ያህል፣ ጠጠር፣ የሰው ጉልበት፣ የሚክሰር ኪራይ፣ በመጨረሻ የአስተዳደር ወጪና ትርፍ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ገርጂ እህቴ ቤት ስድስት ሆነን ጠረጴዛ እንከባለን። ፓዝፋይንደር እንጫወታለን። ጌም ማስተሯ እኔ ነኝ። ሥራዬን ስለሚያውቁ ታዲያ እዚያም የዋጋ ጥያቄ ሲነሳ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ። አንዱ፣ ጌም ማስተሩ፣ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር ይዘው ይገባሉ፣ ያልታወቀውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚጀምረው በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ካወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። እኛ የያዝነው ፓዝፋይንደር በ2009 የወጣ ሲሆን፣ የዚያው ጨዋታ 3.5 የሚባለው የ2003 እትም ልጅ ነው። እሱን የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው። ሕጉ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ። ለጎብሊን፣ ለትንሿ ጭራቅ፣ የሚሆን ትንሽ ምስል የሚገዛ ገንዘብ ስላልነበረን ደግሞ ሽምብራ ቆሎ እንደረድራለን። የሞተውን ጎብሊን እኔ እበላዋለሁ። እስካሁን የተቃወመኝ የለም።

የምንጫወተው በአማርኛ ስለሆነ ቃሎቻችንን ላስተዋውቃችሁ፣ ከታች ስለምጠቀምባቸው። ስፔል ለእኛ ድግምት ነው። የሚደግመው ሰው ደጋሚ ነው። ሌቭል የምንለው የሰውየው የዕድገት ደረጃ ነው፣ የድግምቱ ደረጃ ሌላ ነው። ገንዘቡ ወርቅ ነው። በቁጥር የተሞላ የአስማት በትር ሲያልቅ «ካርድ ጨረሰ» እንላለን። ኤሲ ያው ኤሲ ነው፤ ጠላት እናንተን ለመምታት በዳይስ ማለፍ ያለበት ቁጥር።

አሁን ወደ ገበያው።

መጀመሪያ ያበላሸሁት

ታናሽ ወንድሜ ተዋጊ ይጫወታል። ከሁለት ዓመት በፊት ክታብ እፈልጋለሁ አለኝ። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው፣ ሁልጊዜ የሚሠራ የጋሻ ድግምት ያለበት ክታብ። ጋሻ የሚባለው አንደኛ ደረጃ ድግምት ነው፣ ኤሲን በ4 ከፍ ያደርጋል።

ሕጉ ውስጥ ለዚህ ቀመር አለ። ሁልጊዜ ለሚሠራ ዕቃ የድግምቱን ደረጃ በደጋሚው ሌቭል ታባዛላችሁ፣ ከዚያ በ2,000። ድግምቱ በተፈጥሮው በደቂቃ የሚቆጠር ዕድሜ ካለው ደግሞ በ2 ታባዛላችሁ። ስለዚህ 1 × 1 × 2,000 × 2። አራት ሺህ ወርቅ። የሥራ ጠባዬ ሆኖ ቀመር ሳይ ደስ ይለኛል። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሸጥኩለት።

በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜን የሚመታ ጠላት ጠፋ። እሱን የሚመታ ጭራቅ ሳመጣ ያ ጭራቅ ሌሎቹን በአንድ ዙር ይዘርራቸዋል። ቀለል ያለ ሳመጣ እሱ መሀል ቆሞ ያዛጋል። ፋርማሲ የምትሠራው ጓደኛችን አንድ ቀን ጠጋ ብላ «ለእኔም እንደሱ አንድ ክታብ» አለችኝ። በሳምንቱ ሌላው ጠየቀኝ። ያኔ ነቃሁ።

ወደ ሕጉ ተመለስኩና ያው ሠንጠረዥ ላይ ከፍ ብዬ አየሁ። የኤሲ ጭማሪ የሚሰጥ ዕቃ የራሱ ቀመር አለው። ጭማሪውን በራሱ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ እንደ ዓይነቱ በአንድ ቁጥር። እንደ ጋሻው ላለው ለየት ያለ ዓይነት ቁጥሩ 2,500 ነው። 4 × 4 × 2,500። አርባ ሺህ! በአንድ አሥረኛ ዋጋ ሸጬለታለሁ። መሥሪያ ቤት ብሆን በማግሥቱ መልቀቂያዬን እጽፍ ነበር።

የሚገርመው ሕጉ ራሱ ይህን ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ቀመሩ ከመምጣቱ በፊት «መጀመሪያ አዲሱን ዕቃ ዋጋው ከታወቀ ዕቃ ጋር አወዳድሩ» ይላል። ቀመሩ የሚመጣው የሚወዳደር ሲጠፋ ነው። እኔ ዘልዬው ነበር። ቢሮም ቢሆን ነጠላ ዋጋ ሠርቼ ስጨርስ ያለፈው ዓመት ካሸነፍነው ጨረታ ጋር ሳላስተያይ አላስረክብም። ቅዳሜ ማታ ሲሆን ያ ጥንቃቄ የት እንደሚሄድ አላውቅም።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። ዕቃውን በሌባ አላሰረቅኩበትም። ያንን የሚያደርጉ ጌም ማስተሮች አሉ፣ ተጫዋቹም ይገባዋል፣ ቂም ይይዛል። ወንድሜን ቁጭ አድርጌ «ዋጋ ተሳስቻለሁ» አልኩት። ክታቡ በቃል ትዕዛዝ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ደቂቃ እንዲሠራ አደረግነው። በቃል ትዕዛዝ የሚሠራ ዕቃ ማባዣው 1,800 ነው። በቀን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ አምስትን ለጊዜው ብዛት አካፍላችሁ በውጤቱ ታካፍላላችሁ። ባጭሩ በቀን ሦስቴ ማለት ሦስት አምስተኛ ዋጋ ነው። 1,800 × 3 ÷ 5፣ 1,080 ወርቅ። የተረፈውን 2,920 መለስኩለት። ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ በብሩ የተሻለ ሰይፍ ገዛና ረሳው።

ዋጋ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ከዚያ ክታብ በኋላ የያዝኩት አንድ መለኪያ አለ። ተጫዋቹ ካመነታ ዋጋው ልክ ነው።

አንድ ዕቃ ሲቀርብ ሁሉም እጁን ካወጣ ርካሽ ነው። ማንም ዞር ብሎ ካላየው ውድ ነው። ልኩ መሀል ላይ ነው፤ ያ ሰው እርሳሱን እያኘከ «ይሄን ከገዛሁ ያንን አልገዛም ማለት ነው» ሲል። በጨዋታው ውስጥ ወርቅ ራሱ ምንም አይደለም፣ እኔ ነኝ የማድለው። ዋጋ የሚሆነው ተጫዋቹ ለዕቃው ሲል የሚተወው ነገር ነው። ስለዚህ ዕቃ ስትተምኑ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። በዚያው ቁጥር ሌላ ምን ይገዛ ነበር ብላችሁ ዘርዝሩ።

ለዚህ የሚያግዙ ጥቂት ዋጋዎችን በቃላችሁ ያዙ። እኔ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። ከመርዝና ከድግምት የሚያስጥል ካባ ፕላስ 1 (ዳይሱ ላይ አንድ የሚጨምር) ሲሆን 1,000 ነው፣ ፕላስ 2 ሲሆን 4,000፣ ፕላስ 3 ሲሆን 9,000። ጉልበትን በ2 የሚጨምር ቀበቶ 4,000። ሰይፍ ላይ የሚጨመር አስማት ፕላስ 1 ሲሆን 2,000፣ ፕላስ 2 ሲሆን 8,000፣ ፕላስ 3 ሲሆን 18,000፣ የሰይፉ የራሱ ዋጋ ሳይቆጠር። ለመገላበጥና ሚዛን ለመጠበቅ የሚያግዘው የኤልፎች ጫማ 2,500። የሚሰውር ቀለበት 20,000።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጭማሪ በራሱ ስለሚባዛ እያንዳንዱ ቀጣይ እርምጃ ከበፊቱ ይከብዳል። ያ ሆን ተብሎ ነው፤ አንድ ሰው ገንዘቡን ሁሉ አንድ ቦታ እንዳይከምር ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ቀለበቱን እዩት። በቀመሩ ብትሄዱ መሰወር ሁለተኛ ደረጃ ድግምት ነው፣ የደጋሚው ሌቭል 3፣ በቃል ትዕዛዝ። 2 × 3 × 1,800፣ 10,800 ይመጣል። መጽሐፉ ላይ ግን 20,000 ተብሏል። ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ቀመራቸውን አላመኑትም። ያልተገደበ መሰወር ከ10,800 በላይ እንደሚያወጣ ያውቃሉ።

ፈውስም እንዲሁ ነው። ቀላል ቁስል የሚያድን በትር 50 ካርድ ይዞ 750 ወርቅ ነው፣ አንዱ ማዳን 15 ወርቅ መጣ ማለት ነው። ያንኑ ድግምት ያለገደብ በቃል ትዕዛዝ የሚሠራ ዕቃ ላይ ብታስገቡት ቀመሩ 1,800 ይላችኋል። ከ120ኛው ቁስል በኋላ ሁሉም በነጻ ነው፣ ዕድሜ ልክ። ተጫዋቾቼ ይህን ሒሳብ ከእኔ በፊት ሠርተውት ነበር። መልሴ «አይሸጥም» ነበር። አይሸጥም ማለትም ዋጋ ነው።

ጭራው

አሁን በዝርዝር አንድ ዕቃ አብረን እንሥራ። ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን ካራክተሩ አዝማሪ ነው፣ በእንግሊዝኛው ባርድ የሚሉት። ግን ዕድሜው የገፋ አዝማሪ ነው። ሁለት መንደር ሲጣላ ይጠሩታል። ስድስተኛ ሌቭል ሲደርስ በእጁ 8,400 ወርቅ ነበረው። አንድ ሐሙስ ሌሊት በቴሌግራም ጻፈልኝ። ጭራ እፈልጋለሁ አለ። ሽማግሌ ያለ ጭራ አይሆንም አለ። ከሥሩ ዝርዝር አስከተለ፦ ቀስት የሚመልስ፣ ዝንብና ተርብ የሚያባርር፣ ጠብ የሚያበርድ፣ ንግግሬን የሚያሳምር፣ የሚሰውረኝ፣ የሚያበርረኝ። «ቢቻል ጋኔንም ያስወጣ» ብሎ ጨረሰ።

ሰባት ሥራ ያለው ዕቃ ዋጋ አይወጣለትም። ቢወጣለትም ማንም ሰባቱንም አያስታውስም፤ መሀል ፍልሚያ ላይ ወረቀት ይገለበጣል፣ ጨዋታው ይቆማል። ስለዚህ ወደ ቁጥር ከመሄዴ በፊት ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ዕቃ በአንድ ግስ ምን ያደርጋል? ደውዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ፣ አሰበ። «ያባርራል» አለ።

አለቀ። የሚያባርር ነገር ሁሉ ይግባ፣ ሌላው ይውጣ። መሰወር ወጣ። መብረር ወጣ። ንግግር ማሳመር ወጣ፤ እሱ ራሱ በዚያ በኩል በቂ ነጥብ አለው። ጋኔኑን «ሌቭልህ ሲያድግ» አልኩት። ዝንብና ተርብ፣ ቀስት፣ ቁጣ ቀሩ። ቀስቱን ትንሽ ተከራከርንበትና ቆረጥነው፤ ቀስት የሚቀንሰው ድግምት አስማት ያለበትን ቀስት አይመልስም፣ በእሱ ሌቭል ደግሞ ከሚመጣበት ቀስት ብዙው አስማት አለበት። ገንዘቡን የሚበላ፣ ሥራ የማይሠራ ይሆን ነበር። ሁለት ቀረ።

ከዚያ ስለ ዕቃው አካል ጠየቅኩት። ጸጉሩ የማን ነው? እጀታው ከምን ነው? ይህ ጌጥ ይመስላል፣ ግን ኋላ ላይ ያስፈልጋል። እጀታው ወይራ ነው አለ። ጸጉሩ ከጦር ሜዳ ፈረሰኛውን ጥሎ የሸሸ ነጭ ፈረስ ጭራ ነው አለ። የሚያባርር ዕቃ ከሸሸ ፈረስ መሠራቱን ወደድኩለት። ጻፍኩት።

አሁን ዋጋ። ከክታቡ ተምሬያለሁና መጀመሪያ ዘመዱን ፈለግኩ። ተርቡን የሚያባርረው ኃይለኛ ነፋስ የሚለቅ ሁለተኛ ደረጃ ድግምት ነው። መንጋ ሆኖ የሚመጣ ተርብ በሰይፍ አይመታም፤ ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ቢያወዛውዝ ምንም አያደርገውም። ነፋስ ግን ይጠርገዋል። መጽሐፉ ውስጥ ታዲያ ይህንኑ ነፋስ የሚለቅ ማራገቢያ አለ፣ 5,500 ወርቅ። ጭራና ማራገቢያ ወንድማማች ናቸው። ከዚህ የቀረበ አይገኝም።

የማራገቢያው አሠራር ደስ ይላል። በቀን አንድ ጊዜ ያለ ስጋት ትጠቀሙበታላችሁ። በዚያው ቀን ከደገማችሁ 20 በመቶ የመቀዳደድ ዕድል አለው፣ ሦስተኛ ከሆነ 40 በመቶ፣ እንዲህ እያለ ይጨምራል። ከተቀደደ አበቃለት። ቀመሩ በቀን አንዴ ለሚሠራ ለዚህ ነፋስ በአምስተኛ ሌቭል ደጋሚ 2 × 5 × 1,800 ÷ 5፣ 3,600 ይላል። መጽሐፉ 5,500 ያለው ለዚያ ቁማር ነው ብዬ አስባለሁ፤ መድገም ይቻላላ። ያንኑ ሕግ እንዳለ ወስጄ «ጸጉሩ ይረግፋል» ብዬ ቀየርኩት።

ቁጣውን የሚያበርደውም ሁለተኛ ደረጃ ድግምት ነው። የሚወዳደር ዕቃ ስላላገኘሁለት እዚህ ላይ ወደ ቀመሩ ሄድኩ። የደጋሚው ሌቭል 3፣ በቀን አንዴ፣ በቃል ትዕዛዝ። 2 × 3 × 1,800 ÷ 5፣ 2,160።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ጠላት ድግምቱን ለመቋቋም በባለ 20 ዳይስ ማለፍ ያለበት ቁጥር ዕቃ ላይ ሲሆን ዝቅተኛ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ድግምት 13 ነው። ፈቃዱ (እንዲህ ያለውን ድግምት ሲቋቋም ዳይሱ ላይ የሚደምረው) ፕላስ 5 የሆነ ጠላት 8 እና ከዚያ በላይ ካወጣ ያመልጣል፣ ይህ ከ100 ጊዜ 65 ነው። ሌቭሉ ሲያድግ ጠላቱም ስለሚያድግ ይህ ክፍል በጊዜ እየደከመ ይሄዳል። በተጨማሪ ቁጣው የበረደለትን ጠላት አንድ ሰው ቢመታው ድግምቱ ይፈርሳል። ከእኛ ጠረጴዛ ደግሞ እጁ የማያርፍ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ 2,160 ላይ ምንም አልጨመርኩም።

ሁለቱን መደመር ቀረ። ሰውነት ላይ የሚለበስ ዕቃ ሁለተኛ ሥራ ሲጨመርበት ያ ሁለተኛው አንድ ተኩል ጊዜ ይከፈልበታል፤ አንድ ቀለበት ላይ ሁሉንም እንዳትጭኑ። በእጅ የሚያዝ፣ ቦታ የማይወስድ፣ ተቀራራቢ ሥራ ያለው ከሆነ ግን በተቃራኒው ሁለተኛው ይቀንሳል፣ 75 በመቶ ብቻ ይያዛል። ቦታ ለማይወስድ ዕቃ ደግሞ እጥፍ ክፈሉ የሚል ሌላ መስመር አለ። ማራገቢያው በእጅ የሚያዝ ስለሆነ ያ ዋጋው ውስጥ አለ ብዬ ተውኩት። ቁጣው ላይ ግን ሁለቱንም መንገድ ሞከርኩ። ሳይታጠፍ፦ 5,500 ላይ 1,620፣ 7,120። ታጥፎ፦ 5,500 ላይ 3,240፣ 8,740። ከ7,120 እስከ 8,740 ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የዚህን ያህል ልዩነት ባቀርብ አለቃዬ መነጽሩን ያወልቃል። ለጭራ ግን ጥሩ ነው። ክልሉን አግኝቻለሁ፣ ቁጥሩን ጠረጴዛው ይነግረኛል።

ቅዳሜ 7,200 ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው «እሺ» አለ። በጣም ፈጠነ። «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ፣ 8,000» አልኩት። መርካቶ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ዝም አለ። ደብተሩን ገለጠ። በ8,000 ፕላስ 2 ካባና ሞገስ የሚጨምር ፕላስ 2 የራስ ማሰሪያ ይገዛ ነበር፣ 4,000 እና 4,000። ሁለቱም ሁሌም የሚሠሩ፣ የማይረግፉ። «አስቢልኝ እስቲ» አለና ቆሎውን ማንሳት ጀመረ። አንድ ያልሞተ ጎብሊን በላ። ያኔ ልኩ ላይ እንደደረስኩ ገባኝ።

8,000 ሌላም ድጋፍ አለው። ሕጉ ስድስተኛ ሌቭል ላይ ያለ ካራክተር ጠቅላላ ሀብቱ 16,000 አካባቢ ይሁን ይላል። ከአንደኛ ሌቭል በላይ ጀምሮ ለሚሠራ ካራክተር ደግሞ ለአንድ ዕቃ ከሀብቱ ግማሽ በላይ እንዳይወጣ ይመክራል። የሁለቱ ውጤት 8,000 ነው። እዚህ ላይ ዕድል ረድቶኛል፣ ግን ይህን ማጣሪያ ሁልጊዜ አድርጉ።

ቅናሽ ሲጠየቅ

ገዝቶ ሳይጨርስ ብልጠቱ መጣ። ሕጉ ላይ ዕቃው ለአንድ ዓይነት ሙያ ወይም ጠባይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዋጋው 30 በመቶ ይቀንሳል የሚል አለ። «ለአዝማሪ ብቻ ይሁን፣ 5,600 እከፍላለሁ» አለኝ። ጨዋታው ውስጥ ሌላ አዝማሪ የለም። ሌላ ሰው ጭራውን ሊነካውም አይፈልግም። ገደቡ እሱን ምንም አያሳጣውም።

ለማይገድብ ገደብ ቅናሽ አልሰጥም። ገደቡ የሚያስቆጭ ነገር የሚያሳጣ ከሆነ እቀንሳለሁ። «ጭራውን በያዝክበት እጅ መሰንቆ መምታት አትችልም» አልኩት። ሳቀና 8,000 ከፈለ።

ተጫዋቹ ራሱ የሚሠራው ከሆነስ? የመሥሪያ ወጪው የዋጋው ግማሽ ነው፣ ጊዜው ለያንዳንዱ 1,000 ወርቅ አንድ ቀን። ጭራው 4,000 ወርቅና ስምንት ቀን ይፈልግ ነበር ማለት ነው። ተጫዋቾቻችሁ መካከል ሠሪ ካለ ስምንቱን ቀን በቁም ነገር ቁጠሩት። ጠላት ስምንት ቀን ቆሞ አይጠብቅም። ቀኑን ካልቆጠራችሁ ሁሉንም ዕቃ በግማሽ ዋጋ አደላችሁ።

አዲሱን እትም ለምትጫወቱ

በአምስተኛው እትም ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይህ ሁሉ ቀመር የለም። ዋጋው ዕቃው ምን ያህል ብርቅ ነው ከሚለው ይነሳል። የ2014ቱ መመሪያ ሰፊ ክልል ነው የሚሰጠው፦ ተራ ዕቃ ከ50 እስከ 100፣ ቀጥሎ ያለው እስከ 500፣ ብርቅ የሚባለው እስከ 5,000፣ በጣም ብርቁ እስከ 50,000፣ ከዚያ በላይ አፈ ታሪክ የሆነው። የ2024ቱ ቁርጥ አድርጎታል፦ 100፣ 400፣ 4,000፣ 40,000፣ 200,000።

ችግሩ ያው ነው። የሚያበር መጥረጊያ እና ተራ ፕላስ 1 ሰይፍ እኩል ደረጃ ላይ ናቸው። በረራ ያገኘ ተጫዋች ግድቡንም ገደሉንም ይረሳል። እዚያ ያለው ጥሩ ነገር አንዳንዱ ዕቃ እንዲሠራ ከያዡ ጋር መተሳሰር ያለበት መሆኑና፣ አንድ ሰው ከሦስት በላይ ዕቃ ከራሱ ጋር ማስተሳሰር አለመቻሉ ነው። ስለዚህ እዚያ ማመንታትን የምታመጡት በወርቅ አይደለም፣ በዚያ ሦስት ቦታ ነው። ዕቃችሁ ጠንከር ካለ መተሳሰር ይጠይቅ። የቱን አውልቄ ይሄን ልያዝ ማለት ከጀመረ እሰየው።

ከገዛ በኋላ

ዋጋ ስትቆርጡ ሥራው አላለቀም። ለአራት አምስት ቅዳሜ ተከታተሉት። እኔ ደብተሬ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀመበት ምልክት አደርጋለሁ። በየፍልሚያው መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ዕቃ ካለ ተጠራጠሩት። ጨርሶ የማይወጣም ካለ እንዲሁ፤ ምናልባት እናንተ የሚሠራበትን ቦታ እያመጣችሁለት አይደለም። ተርብ የሚያባርር ጭራ ሸጣችሁ ተርብ ካላመጣችሁ ሰውየውን አጭበረበራችሁት።

አመጣሁለት። በሁለተኛው ቅዳሜ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ውስጥ የተርብ መንጋ ለቀቅኩባቸው። ወንድሜ ሰይፉን ይዞ መሀል ገባና ምንም እንደማያደርግ ሲገባው ጮኸ። ሽማግሌው ጭራውን አንዴ ወዘወዘ፣ መንጋው በመስኮት ወጣ። ከወፍጮው ምድር ቤት ሁለተኛ መንጋ መጣ። 20 በመቶ። ሁሉም ከወንበሩ ተነሳ። ሁለቱን ባለ አሥር ዳይስ፣ አንዱን ለአሥር ቤት ሌላውን ለአንድ ቤት፣ ጣለ፣ 34፣ ከ20 በላይ ነው። ተረፈ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዳይሱን በስልክ እያበራን ነው ያነበብነው።

ሦስተኛውን መንጋ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ፋርማሲስቷ ናት ዝም ብላ የተዘጋ በር የከፈተችው። 40 በመቶ። በሩን ያዥው የሚሉትም ነበሩ፣ እንሽሽ የሚሉም። እሱ ግን ወዘወዘው። ዳይሱ 17 አለ። ነፋሱ ወጣ፣ ተርቡ ተጠረገ፣ ነጩ ጸጉር በሙሉ ወፍጮ ቤቱ ወለል ላይ ረገፈ። 8,000 ወርቅ፣ በሁለተኛው ሳምንት።

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። የወይራውን እጀታ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቁጭ አለ። ቡና ተፈልቶ እስኪመጣ ዝም ብሎ ቆየና «ጸጉሩን መልሶ ለማስተከል ስንት ነው?» አለኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ለዚህ ቀመር አልፈለግኩም። «ፈረሱን ራስህ ፈልገህ ካመጣህ 1,000» አልኩት። «ካላመጣህ 7,000።»

እርሳሱን ማኘክ ጀመረ። ይኸው አምስተኛ ቅዳሜያቸው ነው፣ የሸሸ ነጭ ፈረስ ያየ ሰው አለ ወይ እያሉ መንደር ለመንደር ይዞራሉ።